«ሃያ ሠርቼ አንዱንም አላወቅሁም»

«ጋሼ፣ ዓምድዎን የማነበው ቢሮ ውስጥ በምሳ ሰዓት ነው። ዕድሜዬ 38 ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምና ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ ብሎ አንድ ሳጥን አመጣ፤ ሁለት አርዱዪኖ ኡኖ የሚባሉ፣ በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችና ሠላሳ ሰባት ሴንሰሮች አሉበት። ልጄ ዞር ብላም አላየችው፤ እኔን ግን ያዘኝ። ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ ሃያ የሚሆኑ ነገሮች ሠራሁ፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ የትራፊክ መብራት፣ ርቀት መለኪያ፣ ሙቀት መለኪያ። ሁሉም ሠሩ። ቪዲዮውን ዘግቼ የራሴን ልሥራ ስል ግን ሽቦ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ባዶ ነኝ። ባለፈው ወር ደግሞ አንዱ ሰሌዳ ሸተተና ሞተ። የዩኤስቢ ገመዱ ስላጠረብኝ ከድሮ የዋይፋይ መሣሪያ የተረፈውን ቻርጀር ጫፉን ቆርጬ፣ ቀዩን ሽቦ 5 ቮልት በሚለው ቀዳዳ፣ ጥቁሩን ከጎኑ ሰክቼ ነበር። ፊዚክስ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ አልነካሁም። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ‹እማዬ፣ መጫወቻሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሺልኝ› ትለኛለች። ከመጽሐፍ እንደ አዲስ ልጀምር? ኢኤስፒ32 የሚሉትን የተሻለ ሰሌዳ ልግዛ? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል? ደግሞ ‹አንቺ› ብለው ይጻፉልኝ፤ በ‹እርስዎ› ስመከር የሥራ ግምገማ ላይ የተቀመጥሁ ይመስለኛል። የአራት ኪሎዋ»

እህቴ፣ ከሟቹ ልጀምር።

ሰሌዳሽ በምን እንደ ሞተ ሳታውቂው ራስሽ ጽፈሽልኛል። ያ ቻርጀር ስንት ቮልት እንደሆነ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ አሁን አንሥተሽ እዪው። የዋይፋይ መሣሪያ ቻርጀሮች ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ጥቂቶቹ 9። ኡኖ ላይ እንዲህ ያለውን ቮልቴጅ የሚቀበል ቦታ አለ፤ ጥግ ላይ ያለችው ክብ ጥቁር መሰኪያ ናት፤ ከ7 እስከ 12 ቮልት ይመከርባታል። ከበስተኋላዋ ቮልቴጁን ወደ 5 የምታወርድ ክፍል ቆማ ትጠብቃለች። አንቺ የሰካሽበት ‹5 ቮልት› የሚለው ቀዳዳ ግን ያቺን ዘበኛ ሳያገኝ በቀጥታ ዋናው ቺፕ ዘንድ ይደርሳል። ኤቲሜጋ328ፒ የሚባለው ያ ቺፕ የመጨረሻው ጣሪያው 6 ቮልት ነው። 12 ከሆነ የሰጠሽው፣ ዕጥፉን አጠጥተሽዋል። ሽታው እሱ ነው።

ይህን ለማወቅ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር። ከመሰካትሽ በፊት የሽቦዎቹን ጫፍ መለካት ብቻ ይበቃ ነበር። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ አንዱንም ሳልነካ ወደዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ በደብዳቤሽ ሙሉ፣ ሃያ ሥራ ዘርዝረሽ፣ አንድም ቦታ ላይ «ለካሁ» የሚል ቃል የለም።

አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። አንድ ሠራተኛ መጥቶ «ሃያ ወር ሙሉ መዝገብ ሞልቻለሁ፤ ከባንክ መግለጫ ጋር አንድ ጊዜም አስታርቄ አላውቅም፤ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል» ቢልሽ ምን ትዪዋለሽ? ሽቦ ይዘሽ ባዶ የምትሆኚው የማሰብ ችሎታ አጥሮሽ አይደለም። መዝገቡን የሞላው ቪዲዮው ነው፤ አንቺ ገልባጭ ነበርሽ፤ ያስታረቀ ደግሞ ማንም የለም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ኤሌክትሮኒክስ ከፊዚክስ ይልቅ ላንቺ ሙያ የቀረበ መሆኑ ነው። ጉስታቭ ኪርሆፍ የሚባል ጀርመናዊ በ1845 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳለ ሁለት ሕጎች አወጣ። የመጀመሪያው፣ ወደ አንድ መገናኛ የገባ ከረንት፣ በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ሁሉ ከዚያው መገናኛ ይወጣል ይላል። ሁለተኛው፣ ምንጩ የሰጠው ቮልት በመንገዱ ላይ ላሉት ነገሮች ተከፋፍሎ ልክ ያልቃል ይላል። ገቢና ወጪ ማለት ነው፤ ሳንቲም አይተርፍም፣ ሳንቲም አይጎድልም። ከጎደለ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፤ ወይም ያላየሽው ወጪ አለ። ለዓመታት ስትሠሪው የኖርሽው ይኸው አይደለም?

ስለዚህ ትእዛዜ፦ ሰሌዳ አትግዢ። ቴስተር ግዢ። ሳጥኖቹ ላይ መልቲሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ጠጋኞቻችን ቴስተር ይሉታል። ርካሹ ዲጂታል ይበቃሻል። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ይህ ጽሑፍ እጅሽ እስኪገባ ያረጃል። ስትገዢ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ፤ ሁለቱን ጫፎች ስታነካኪያቸው ‹ጢጥ› የሚል የግንኙነት መፈተሻ ይኑረው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ በዋጋ የተማርኩት ነው። ቴስተሩ ላይ ቀዩ ገመድ የሚሰካባቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ፣ ሦስት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱ፣ ከረንት ለመለካት ብቻ ናቸው። ገመዱን እዚያ ረስተሽ ቮልቴጅ ልትለኪ ብትሄጂ ሁለቱን የኃይል ጫፎች በቀጥታ ማገናኘትሽ ነው፤ ቢቀናሽ የቴስተሩ ቫልቮላ ብቻ ይቃጠላል። በወጣትነቴ ፒያሳ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተላላኪ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን የሱቁን ብቸኛ ቴስተር በዚሁ መንገድ ገድያለሁ፤ የወር ደመወዜም አብሮት ሄዷል። ለመጀመሪያው ወር የከረንቱን ቀዳዳ ሁሉ በፕላስተር ለጥፊበት። ከረንት በሌላ መንገድ ታውቂዋለሽ፤ አሁን እመጣበታለሁ።

ያ የሱቅ ባለቤት አንድ አመል ነበረው። የሬዲዮውን ክዳን በካቻቢቴ ከፍቼ ቴስተሩን ሳነሣ እጄን ይይዝና «ስንት ታገኛለህ?» ይለኛል። ቁጥር ሳልሰጥ መንካት የለም። ያኔ ሰውየው የሚያዋርደኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሳይገምት የለካ ሰው የሚያየውን ቁጥር ሁሉ አሜን ብሎ ይቀበላል። ሱቁ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አብሮ ሄዷል፤ አመሉን ግን እኔ ወርሼዋለሁ፤ ላንቺም አወርስሻለሁ።

አንድ ማታ ምረጪ፤ ቪዲዮ የለም፣ ኮድም የለም። መጀመሪያ በ‹ጢጥ› መፈተሻው ብሬድቦርዱን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ነጭ ሰሌዳ፣ አስሺው። አምስት አምስት ቀዳዳዎች አንድ ላይ እንደተሳሰሩ፣ መሐል ያለው ቦይ እንደሚለያያቸው፣ ዳር ያሉት ረጃጅም መስመሮች ለኃይል እንደሆኑ ሰምተሻል፤ አሁን በጆሮሽ ስሚው። በአንዳንዱ ትልቅ ሰሌዳ ላይ የዳሩ መስመር መሐል ላይ ተቋርጦ ይገኛል። ስንቱ ሰው ኮዱ ተሳስቷል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያርም ያደረው በዚያች መቋረጥ ነው።

ቀጥለሽ ቀይ ኤል ኢ ዲ፣ ትንሿን መብራት፣ እና የ220 ኦም ሬዚስተር፣ ከረንት የሚገታውን ዕቃ፣ አሰልፊ። የሬዚስተሩን ቀለበቶች በማታ አምፖል ለማንበብ አትድከሚ፤ ቀይና ቡናማ አይለዩም፤ በኦም መለኪያው ለኪው። ከሰሌዳሽ 5 ቮልቱንና ጂኤንዲ የሚለውን፣ የከረንቱን መመለሻ፣ ብቻ ትወስጃለሽ። ኃይሉን ከማገናኘትሽ በፊት ደብተርሽ ላይ ግምትሽን ጻፊ፤ ቀይ ኤል ኢ ዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ለሬዚስተሩ 3 ይቀራል፤ 3 ለ220 ሲካፈል 0.0136 አምፒር፣ ማለትም 13.6 ሚሊአምፒር። ያቺ ማካፈል የኦም ሕግ ናት፤ አንዷን ከሁለቱ ማውጣት፣ ሌላ ምሥጢር የላትም። ከረንቱንም ያን አደገኛ ቀዳዳ ሳትነኪ አወቅሽው ማለት ነው።

አሁን አገናኚና ለኪ። ኤል ኢ ዲው ላይ 1.9፣ ሬዚስተሩ ላይ 3 ልታገኚ ትችያለሽ፤ ድምሩ 4.9። አንድ ዐሥረኛ ጎደለ! የባንክ ማስታረቂያሽ ላይ ብትጎድል ታልፊያታለሽ? አታልፊያትም። ምንጩን ራሱን ለኪው፤ ከዩኤስቢ የሚመጣው 4.9 ሊሆን ይችላል፤ ታረቀ። ሬዚስተሩስ 220 ነው ወይስ 216? በ5 ከመቶ ከፍና ዝቅ ማለት የተፈቀደላቸው አሉ። ከዚያ 220ውን አውጥተሽ 1 ሺህ ኦም አስገቢ፤ ግምቱ 3 ሚሊአምፒር ነው። ከረንቱ ከአራት እጥፍ በላይ ቀንሶ ሳለ ብርሃኑ ግን ዓይንሽ ላይ ያን ያህል አይደበዝዝም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆዪ፤ «ሠራ» የሚለው የዓይን ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያታልል ታዪበታለሽ። ቀጥሎ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ አድርጊ፤ እሱ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል፤ ግምቱን አንቺው አውጪው።

የኡኖ አንድ ፒን፣ ኮዱ የሚያዝበት መሰኪያ፣ በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ነው፤ 40 የገደሉ አፋፍ ነው። የዚያን ማታ ቁጥሮች ከዚህ ጋር ስታስተያዪ፣ ትንሿ ሞተር በቀጥታ ከፒን ለምን እንደማትነዳ ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል፤ ሞተር ሲነሣ በመቶ የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይጠይቃል።

የ«ባዶ ነኝ» ጉዳይ ሌላ መድኃኒት አለው፤ እሱም አማርኛ ነው። ኮድ ልትጽፊ ስትቀመጪ የምትሞክሪው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው፤ ምን እንደምትፈልጊ ማሰብና ያሰብሽውን በእንግሊዝኛ ቃላትና በነጠላ ሰረዝ መግጠም። የመጀመሪያውን ሳትጨርሺ ሁለተኛው ያንቅሻል። ስለዚህ ቀድመሽ ለቤት ሠራተኛ መልእክት ትተሽ እንደምትሄጂ አድርገሽ በአማርኛ ጻፊው። በምን ላይ? አራተኛ ፎቅ የምትኖር የአዲስ አበባ ሴት ችግር ለመገመት ጠንቋይ መሆን የለብኝም፤ ውሃ። በፈረቃ ይመጣል፤ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ነው። ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርገሽ፣ ቧንቧውን ከፍተሽ ትተኛለሽ። ድምፁ ከቀሰቀሰሽ ጀሪካን ትሞያለሽ፤ ካልቀሰቀሰሽ ወይ ወለሉ ይጥለቀለቃል ወይ ውሃው መጥቶ ሄዶ ታገኚዋለሽ። እንግዲህ ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ማንቂያ እንሥራ፤ ባልዲው ውስጥ ሁለት ብሎኖች ይታሰራሉ፤ ሰሌዳው እነሱን እየጠየቀ ውሃ መድረሱን ያውቃል። መልእክቱ ይህ ነው፤

«በየአሥር ሴኮንዱ ሁለቱን ብሎኖች ጠይቅ። ደረቅ ከሆኑ ዝም በል። እርጥብ ከሆኑ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ደግመህ ጠይቅ። አሁንም እርጥብ ከሆኑ ጩኽ፤ ቁልፉን እስክጫን አታቁም።»

ፕሮግራሙ አለቀ። የቀረው ትርጉም ነው፤ ለትርጉም ደግሞ እነዚያ ሃያ ሥራዎችሽ መዝገበ ቃላት ይሆኑሻል። ከአንዱ ጩኸቱን፣ ከሌላው ቁልፉን፣ ከሦስተኛው አናሎግ ንባቡን ትወስጃለሽ። በከንቱ አልሠራሻቸውም።

ብሎኖቹ የአይዝጌ ብረት ይሁኑ። ሁለቱንም በባልዲው ግድግዳ ላይ፣ ከታች አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ፣ አጠገብ ለአጠገብ እሠሪያቸው። አንዱ ወደ ጂኤንዲ ይሄዳል። ሌላው ወደ ኤ0 ፒን ይሄዳል፤ ከዚያው ነጥብ ላይ አንድ የ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ወደ ፒን 7 ይዘረጋል። ልትጠይቂ ስትፈልጊ ፒን 7ን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ማለትም 5 ቮልት እንዲሰጥ ታዢዋለሽ፤ ኤ0ን ታነቢያለሽ፤ ወዲያው ፒን 7ን ዝቅ ታደርጊያለሽ። ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ነው። ደረቅ ሲሆን ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ይሆናል፤ ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ይወርዳል። እስከ ስንት? የኔን ቁጥር አልሰጥሽም፤ የብሎኖቹ ርቀትና የቧንቧሽ ውሃ የሚይዘው ማዕድን ይወስነዋል። ደረቁን አሥር ጊዜ፣ እርጥቡን አሥር ጊዜ አንብበሽ ጻፊና መካከሉን ድንበር አድርጊው። ቪዲዮ ላይ «500 ብለህ ጻፍ» የሚልሽ ሰው የራሱን ባልዲ ነው የለካው።

ፒን 7ን ከፍና ዝቅ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። በብሎኖቹ መካከል ከረንት ቀን ከሌሊት በአንድ አቅጣጫ ቢሄድ ውሃው ብረቱን እየበላ ይጨርሰዋል፤ በየአሥር ሴኮንዱ ለቅጽበት ብቻ ከሆነ ግን ይቆያል። ቢሆንም ይህ ባልዲ ለመጠጥ አይሁን።

ርቀት መለኪያሽን ሮቶ አፍ ላይ ለመስቀል እንደምትመኚ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይመኛል። ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው ያ ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር ግን እርጥበት አይወድም፤ ሮቶ ውስጥ ደግሞ ሁሌም ጤዛ አለ። ለኋላ አቆዪው። አንድ ወጣት ታዲያ «የአዲስ አበባ ከፍታ የድምፁን ፍጥነት አያዛባውም ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አያዛባውም። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን ነው፤ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ በብርዳማ ሌሊት በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይወርዳል። ከፍታችን የሚያዛባው የውሃ መፍያን ነው። ብረት ለበስ የሙቀት ሴንሰር ገዝቼ በፈላ ውሃ ውስጥ ስነክረው 92 ገደማ አሳየኝ፤ ተበላሸ ብዬ ልጥለው ነበር። 2,300 ሜትር አልፎ በተቀመጠ ከተማ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ሴንሰሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ግምቴ ነው። ሆኖም ግምት ባይኖረኝ ኖሮ መሳሳቴንም አላውቅም ነበር።

ስለ ኃይል፦ ማንቂያው ውሃ አጠገብ ስለሚያድር ከግድግዳ በዲቫይደር የተጎተተ ነገር ከማጠቢያው ጎን አላይ። በፓወር ባንክ አሠሪው፤ መብራት ሲሄድም ይሠራልሻል። እዚህም ወጥመድ አለ። ኡኖ ብቻዋን የምትወስደው 50 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፤ ብዙ ፓወር ባንኮች ይህን ያህል ትንሽ ሲሳባቸው «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ ማንቂያውን ከማመንሽ በፊት አንድ ሌሊት ኤል ኢ ዲ ብልጭ እያደረገ ይደር፤ ጠዋት በርቶ ካገኘሽው ባንኩ ተስማሚ ነው። ባለ አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ አትሞክሪ፤ ሌሊቱን ብትዘልቅ ነው፤ በየቀኑ ባትሪ ስትገዢ ልትኖሪ ነው።

ሳጥንሽ ውስጥ ‹250 ቮልት 10 አምፒር› የተጻፈባት ትንሽ ኩብ ታገኚያለሽ፤ ሪሌይ ናት። ጽሑፉ ግብዣ አይደለም። የተቀመጠችባትን ሰሌዳ ገልብጠሽ ከታች እዪ፤ መዳቡ ራቁቱን ነው። የግድግዳው 220 ቮልት እዚያ ላይ ቢመጣ ጣትሽን የሚያቆመው የለም፤ እጅሽም እርጥብ ሊሆን ይችላል። የውሃ ፓምፕ በራሱ እንዲነሣ ማድረግ የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ለዘንድሮ ግን አይደለም። ሲደርስም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አጠገብሽ ቆሞ ነው።

ጥያቄዎችሽ ቀሩኝ። ኢኤስፒ32 ጥሩ ሰሌዳ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዋይፋይ አለው። የሚሠራው ግን በ3.3 ቮልት ነው፤ ፒኖቹ 5 ቮልት አይችሉም። ሳትለኪ የመሰካት አመልሽ ሳይለቅሽ ብትገዢው ሁለተኛ ቀብር ነው። ማንቂያው ቢሮ እያለሽ በስልክሽ እንዲነግርሽ የምትፈልጊበት ቀን ሲመጣ ግዢው። መጽሐፍ? ከላይ የጻፍኩልሽን ሁለት የኪርሆፍ ሕጎች፣ የኦምን ሕግና ‹ቮልቴጅ ዲቫይደር› (የግድግዳው ዲቫይደር አይደለም፤ ቮልቴጅን ለሁለት ሬዚስተሮች ማከፋፈል ነው) የሚለውን ምዕራፍ ብቻ፤ ያ የ10 ሺህ ኦም ሬዚስተርና ያንቺ ውሃ አብረው የሚሠሩት እሱን ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለሰፈርሽ ቅርብ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። የቀረውን የመጽሐፍ ገጽ ችግር ሲገጥምሽ ፈልጊው፤ አስቀድመሽ አታከማቺው።

ዕድሜ ላልሽው፦ አርዱዪኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ የተሠራው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነው፤ ስሙንም ያገኘው ሠሪዎቹ ይቀመጡበት ከነበረ ቡና ቤት ነው። በነገራችን ላይ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ስፒና ስንል የኖርን ሰዎች ደግሞ ለአንድ ተጨማሪ የጣሊያን ስም ምን እንግድነት አለብን።

ልጅሽን በተመለከተ አንድ ተንኮል ላስተምርሽ። ሁለት መስመር ያላትና በእያንዳንዱ አሥራ ስድስት ፊደል የምትይዝ ትንሽ ስክሪን አለች። ሳጥንሽ ውስጥ ከሌለች ይህቺን ብቻ እንድትገዢ ፈቅጄልሻለሁ። አማርኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ስምንት የራስሽን ፊደሎች እንድትስዪባት ቦታ ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ አምስት ነጥብ ስፋት፣ ስምንት ነጥብ ቁመት። አሁን ቁጠሪ። «ውሃ መጣ» እና «ውሃ የለም» ለማለት ው፣ ሃ፣ መ፣ ጣ፣ የ፣ ለ፣ ም ያስፈልጉሻል። ሰባት። ገባ! («ውኃ» ብለን በኃ መጻፍ እንዳለብን የሚከራከሩ ወዳጆች አሉኝ፤ በአምስት ነጥብ ስፋት ውስጥ እግሯን እስኪያስገቡልኝ ድረስ በሃ እጸናለሁ።) ሥዕሉን አንቺ አትሥሪው። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተርና እርሳስ መጫወቻሽ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ትተሽ «መ ሁለት ክብ አላት፤ በአምስት ካሬ እንዴት ትገባለች?» ብለሽ ጠይቂና ወደ ወጥሽ ሂጂ። መልሱ አለ፤ ክቦቹ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። አትንገሪያት። ስምንተኛው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ እሱ የእሷ ነው፤ ምን እንደምትስልበት አትጠይቂያት።

የደረቁንና የእርጥቡን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ፤ ብሎኖቹ ስንት ሴንቲሜትር እንደተራራቁም ጨምሪ። ከመለካትሽ በፊት የገመትሽውንም እንዳትደብቂኝ።